ያልታሰበ ውርስና የሰጪው ፊት

በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ከሰቆጣ ወጣ ባለ መንደር የሚኖሩ አንድ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው ሽማግሌ ሞቱ እንበል። የንብ ቀፎዎቻቸውን አልፎ አልፎ ውሃ ቀድቶ ላቀበላቸው ለጎረቤት ልጅ ተናዘውለት ተገኘ። ወጣቱም ደንግጦ «እኔ እኮ እምብዛም አላውቃቸውም ነበር» ይላል። ይህ ቃል ትሕትና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ወቀሳ አለበት። በአንድ መንደር እየኖረ ስለምን አላወቃቸውም?

ይህንኑ ነገር እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ «ታላቅ ተስፋ» በተባለው ልብ ወለዱ መርምሮታል። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1860 እስከ 1861 ድረስ በሳምንታዊ መጽሔት በየክፍሉ የወጣ ነው። ፒፕ የተባለ ድሀ አደግ ልጅ፣ ማግዊች ለሚባል ከእስር ላመለጠ ሰው ምግብና ሞረድ ከቤት ሰርቆ ይሰጠዋል። የሰጠውም በርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ፈርቶም ነው። እስረኛው ግን ያን ምግብ አልረሳም። ወደ አውስትራሊያ ተግዞ በግ በማርባት ከበለጸገ በኋላ፣ ስሙን ደብቆ ፒፕን እንደ ጌታ ልጅ አኖረው። ፒፕም ገንዘቡ ከአንዲት ባለጸጋ እመቤት የመጣ መስሎት ይኮራ ነበር። እውነተኛው ሰጪ በደጁ በቆመ ጊዜ ግን ተጸየፈው።

የመጽሐፉ ብርታት በዚህ ላይ ነው። ፒፕ ገንዘቡን ዓመታት ሲበላ አንድ ቀን አልቀፈፈውም፤ የቀፈፈው የሰጪው ፊት ነው። በመጨረሻ ግን ልቡ ተመልሶ ማግዊችን እጁን ይዞ አስታመመው፤ ሀብቱ ሁሉ በመንግሥት መወረሱንም ሳይነግረው በሰላም እንዲሞት አደረገ።

ሆኖም ደራሲውን የምነቅፍበት ነገር አለኝ። ሀብቱን በሕግ አስወርሶ ከፒፕ ላይ ከባዱን ፈተና አነሣለት። የእኛ ወጣት እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም፤ ቀፎው ነገ ጠዋት እጁን ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመን ኑዛዜ ያጸናል። የሚያጸናው ግን የሟቹን ፈቃድ ነው፤ የተቀባዩን ልብ አይመረምርም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ውርስ ቢደርስህ «የሞተ ተጎዳ» ብለህ ማሩን አትቁረጥ። አስቀድመህ ሽማግሌው ማን እንደ ነበሩ፣ በኽምጣኛም ሆነ በአማርኛ የሚያጫውትህን ሰው ፈልግ። ተዝካራቸውን አስብ። የመጀመሪያውን ማር በቆረጥህ ጊዜም፣ በመንደርህ ብቻውን የሚኖር ሌላ ሰው አይጠፋምና፣ ድርሻውን ይዘህ ሂድ፤ ስሙንም ጠይቅ።