የማይሸጠው ጠቦት

በግ ገዢ ገበያ ላይ እጁን መጀመሪያ የሚሰድደው ወደ ወገብ ነው። አከርካሪውን በሁለት ጣቱ ጫን ይላል። አጥንት ከቆረቆረው ይተወዋል፤ ሥጋ ካገኘ ወደ ላት ይወርድና ላቱን ከሥር በመዳፉ አንሥቶ ይመዝናል። ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ያደግን ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። ለሚታረድ በግ ከበቂ በላይ ምርመራ ነው። ለዘር የሚሆን አውራ ሲገዛ ግን ዋናው ነገር ገና አልተነካም። እኔ ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

በግ ማርባት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ዳማ አውራ ገዛሁ። ቀንዱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ የዞረ፣ ላቱ ሰፊ፣ ግንባሩ ቦቃ። ሻጩ «ይህ በግ አይደለም፣ ጌጥ ነው» አለኝ። አልዋሸኝም። አሥራ ስምንት እናት በጎች መሀል ለቀቅሁትና አምስት ወር ጠበቅሁ፤ የበግ እርግዝና 150 ቀን ግድም ነው። ቀኑ ሲደርስ የወለዱት ሰባት ብቻ ሆኑ። ጥፋቱን በእናቶቹ ላይ ለማላከክ ዳድቶኝ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ መጥተው በጉን በሁለት ጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ያዙና እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። ትንሽ ዳሰሱ፣ ቀና አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ላቱን አይተህ ነው የገዛኸው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲህ ላቱ ያስወልድልሃ።»

አንደኛው ቆለጥ ከግርጌው ድንጋይ የመሰለ እብጠት ነበረው። ከዚያ ወዲህ አውራ ስመርጥ ከኋላ ነው የምጀምረው። ሁለቱ ቆለጦች እኩል መሆን አለባቸው፤ ሲጫኗቸው እንደ ደህና ሎሚ ጠንከር ብለው መለስ የሚሉ። አንዱ ወደ ከረጢቱ ያልወረደ ከሆነ ጠቦቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለሙክት እንጂ ለዘር አይሆንም፤ ጉድለቱን ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል። ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ ሲስቅብኝ ከረመ። ቀጥሎ ጥርስ፦ የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ድድ ጋር በትክክል ካልገጠመ በጉ ሣር መንጨት ያቅተዋል። ከዚያ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጌ አያለሁ። ቀይ ከሆነ ደህና፤ ነጣ ካለ ጨጓራው ውስጥ ደም የሚመጥ ትል ሊኖር ይችላል። የእኛ ሐይቅ ዳር በበጋም ሣር አይጠፋውም፤ በጎቹም ወደዚያው ይሳባሉ። ግን ረግረግ ባለበት ቀንድ አውጣ አለ፣ ቀንድ አውጣ ካለ የጉበት ትልም አይርቅም። ከአምባሰል ደጋ የወረደ በግ ሐይቅ ዳር ጥቂት ወራት ከርሞ ከመንጋጋው ሥር ሲያብጥ «ውሃው አልተስማማውም» ይባላል። ከውሃው ይልቅ ከሣሩ ጋር የገባው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ግን በእጅና በዓይን የሚያዝ ነው። ያስቸገረኝ ከጤነኞቹ መሀል የቱ አባት ይሁን ብሎ የመምረጡ ሥራ ነው።

የወሎ በግ ከመንዝ፣ ከሰቆጣ፣ ከስሜንና ከፋርጣ በጎች ጋር በአጭር ላታሞች ወገን የሚቆጠር የደጋ በግ ነው። ሰውነቱ ትንሽ፣ ጸጉሩ ሸካራ፣ ብርድና ረሃብ የሚችል። እንዲህ ያለ በግ እንዴት አነሰ ቢባል አንዱ መልስ ገበያው ነው። ፈጥኖ ያደገ ጠቦት ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ይደርሳል፣ ስለደረሰም ይሸጣል። ገዢ ያጣው ቀጭኑ ከመንጋው ጋር ይከርማል፤ ስድስት ሰባት ወር ሲሆነው እናቱንም እኅቱንም ይሰርራል። እንዲህ እያልን በየዓመቱ አባት መሆን የሚገባውን በልተን ትራፊውን አባት እናደርገዋለን። አባትና ልጅ ተገናኝተው ለሚወለድ ግልገል የዝምድናው ልክ 25 በመቶ ነው። የዚህ ምልክቱ ለዓይን ወዲያው አይገለጥም። ግልገሉ ደካማ ሆኖ ይወለዳል፣ ክረምቱ ይወስደዋል፣ ባለቤቱም ብርዱን ይረግማል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማትና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የጀመሩት ሥራ ይህንኑ ልማድ መገልበጥ ነው። ገበሬዎች በማኅበር ይሰባሰባሉ፣ የጠቦቶቹ ክብደት ይመዘገባል፣ ከገበሬዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ምርጦቹን ለይቶ ለጋራ አውራነት ያስቀራቸዋል። በኋላ የወጣው ውጤት የስድስት ወር ክብደት በዓመት በአማካይ በቦንጋ 0.21፣ በሆሮ 0.18፣ በመንዝ 0.11 ኪሎ መጨመሩን ያሳያል። ለጎረቤቴ ይህን ስነግረው «110 ግራም? እሱማ አንድ ጭብጥ ጥሬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ልዩነቱ ጥሬው ነገ የለም፤ ይህኛው በደም ውስጥ ይቀራል፣ የዘንድሮው ላይ የከርሞው ይጨመርበታል።

መመዘን ራሱ ብልሃት አለው። በደብተሬ ላይ ሁለት ጠቦቶች አሉ፤ ሁለቱም ስድስት ወራቸው። አንዱ 16 ኪሎ፣ ሌላው 14። ሚዛን ብቻ ያየ ሰው ባለ 16ቱን ያስቀራል። ባለ 16ቱ ግን ለብቻው የተወለደ፣ እናቱ አራተኛ ወሊዷ የነበረ፣ ጡቱን ያለ ተሻሚ የጠባ ነው። ባለ 14ቱ መንታ ነው፤ ለእናቱም የመጀመሪያ ወሊዷ ነበር። የእናት ወተት ያሳደገውን ከደሙ ካመጣው ለይቶ ማየት የዘር አርቢ ሥራ ግማሹ ነው ብዬ አምናለሁ። መንታውን ምልክት አደረግሁበት።

«ለምን ትደክማለህ፣ የውጭ ዘር አታመጣም?» የሚሉኝ አሉ። መጥቷል። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማባዣ ጣቢያዎች ከእስራኤል የመጣ አዋሲ ከመንዝ በግ ጋር እየተዳቀለ አውራዎቹ ለገበሬ ሲከፋፈሉ ነበር። ቁመታቸው ዓይን ይሞላል። በኋላ በጣቢያዎቹ ማኤዲ ቪስና የሚባል በሽታ ተገኘና ሥርጭቱ ተስተጓጎለ። ቃሉ የአይስላንዶች ነው፤ ማኤዲ ትንፋሽ ማጠር፣ ቪስና መመንመን ማለት ነው። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1933 ከጀርመን 20 ካራኩል በጎች አስመጥተው በሽታው አብሮ ገባባቸው፤ መንጋ በመንጋ እያረዱ እስከ 1965 ድረስ ተፋለሙት። ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ከእናት ወደ ግልገል በወተት፣ ከበግ ወደ በግ በጋጣ ውስጥ በትንፋሽ ይሄዳል፤ ክትባትም መድኃኒትም የለውም። ወገብ ቢዳሰስ፣ ላት ቢመዘን፣ ሽማግሌውም ቢመጡ አያገኙትም። የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ከዓይን የሚሰወረው በሽታ ብቻ አይደለም፣ ውርስም ነው። እንግሊዞች ዊፔት የሚሉት ቀጭን የሩጫ ውሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች በእሽቅድምድሞቹ ዊፔቶች ደም ውስጥ የጡንቻን እድገት የሚገታው ማዮስታቲን የተባለ ጂን ሁለት ፊደል ጎድሎበት አገኙ። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ የወረሰ ውሻ ፈጣን ይሆናል፤ ከሁለቱም የወረሰው ግን በጡንቻ ተወጥሮ የትግል በሬ ይመስላል። ቴክሴል የተባለው የአውሮፓ የሥጋ በግም በዚያው ጂን ላይ የራሱ ለውጥ አለው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሁለት ግሩም አውራና እናት ሳገናኝ እንደ ድሮው ልቤ አይሞላም።

  

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ አንድ ነጋዴ ደጃችን መጣ። ሁለቱን ጠቦቶች አሳየሁት። መንታው እስከዚያ ደርሶ ባለ 16ቱን ሊያህል ትንሽ ነው የቀረው። ነጋዴው እጁን ወደ መንታው ሲሰድድ ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ «እሱ ለዘር ነው፣ ወንድሜ» አለችው። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ነጋዴው «የማይሸጥ በግ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ወደ ትልቁ ዞረ። ወገቡን ጫን አለው፣ ላቱን መዘነ፣ ዋጋ ጠየቀ። ብዙም ሳንከራከር ተስማማን፤ ደስ ብሎት እየነዳው ወደ መንገድ ወጣ።