ቤት ለእንግዳ፣ ጓዳ ለባለቤት

ማታ ነው። ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፔ ላይ በቨርቹዋልቦክስ ኡቡንቱ ከፍቼ፣ ለነገ ተማሪዎቼ የማሳየው አጭር ስክሪፕት እየሞከርኩ ነበር። ሥራው ከሎግ ፎልደር ውስጥ ከ30 ቀን በላይ የቆዩ ፋይሎችን ፈልጎ መሰረዝ ነው። የፎልደሩን አድራሻ የሚይዘው ቫሪያብል ስም ላይ አንድ ፊደል ገድፌ ኖሮ አድራሻው ባዶ ሆነ፤ ከኋላው የጻፍኳት እዝባር ብቻዋን ቀረች። በሊኑክስ ደግሞ እዝባር ብቻዋን ስትቆም መላው ሲስተም ማለት ናት። በዚያ ላይ ያስነሳሁት በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ኡቡንቱው ተዝለፈለፈ። እኔ ግን ሳቅሁ፤ ለዚህ አይደል ቨርቹዋል ማሽን የምንጠቀመው? ጠዋት ይዤው ወደነበረው ስናፕሾት መለስኩት። ማሽኑ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ተነሳ፣ እኔም ተኛሁ።

በማግስቱ ዲ ድራይቭ ላይ ያለውን የማስተማሪያ ፎልደሬን ስከፍት አብዛኛው ፋይል የለም። የተረፉትን ቀናቸውን አየሁ፤ ሁሉም ባለፈው አንድ ወር የነካኋቸው ናቸው። ሆዴ ቡጭ አለ። ፎልደሩን ለኡቡንቱው አጋርቼው ነበር፤ ስክሪፕቴ በእዝባሯ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ሄዷል። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ፈለግሁ፣ ምንም የለም። ቨርቹዋል ማሽኑ የሰረዘው ፋይል በዚያ በኩል አያልፍም።

ለዓመታት ያልገባኝ ነገር የገባኝ ያን ጠዋት ነው። ስናፕሾት የሚያስታውሰው የቨርቹዋል ማሽኑን የራሱን ዲስክ ነው። የተጋራ ፎልደር ግን ከዚያ ዲስክ ላይ ኖሮ አያውቅም። ከውስጥ ሲያዩት «ሚዲያ» ከሚለው ፎልደር ሥር፣ ስሙ ላይ «ኤስኤፍ» ተለጥፎበት፣ እንደማንኛውም ፎልደር ተቀምጧል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፋይል ክፈት፣ አንብብ፣ ሰርዝ ባልን ቁጥር ጥያቄው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሥራውን የሚሠራው በዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቨርቹዋልቦክስ ነው፣ ያውም በእኛው በራሳችን ስም። በሌላ አነጋገር፣ አጥሩ ላይ በገዛ እጃችን በር ከፍተናል።

ሁለቱን ማሽኖች ሆስትና ጌስት፣ ባለቤትና እንግዳ እንላቸዋለን። እኛ ዘንድ ቤት ለእንግዳ ነው፤ ቢሆንም እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ ገብቶ ማሰሮ አይከፍትም። እኔ ጓዳዬን ነበር ያስረከብኩት።

ዛሬ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ፎልደሩ አልከፈት አለኝ» የሚለኝ ተማሪ ሲመጣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ጌስት አዲሽንስ ከተጫነ በኋላ የሊኑክሱ ተጠቃሚ «ቪቦክስኤስኤፍ» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከዚያ ወጥቶ እንደገና መግባት። ሱዶ እየጻፈ ቢያልፈውም ይከፈትለታል፣ ብዙዎቹም እንደዚያ ያደርጋሉ። ያ እምቢታ ግን ጠላት አይደለም፤ ማን ይግባ ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ ነው። እኔ ያን ማታ ዘበኛውን በሱዶ ነበር ያለፍኩት።

ሌላው የተለመደ ስህተት በተጋራው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ መሥራት ነው። አንዱ ተማሪ በኤንፒኤም ፓኬጅ ሲጭን መሃል ላይ ይቆምበታል፤ ምክንያቱም ኤንፒኤም የሚፈጥራቸውን ሲምቦሊክ ሊንኮች ቨርቹዋልቦክስ ለደህንነት ሲል በተጋራ ፎልደር ላይ ሳይፈቀድለት አይፈጥርም። ሌላዋ ገጿን አስተካክላ፣ ብሮውዘሩን ደጋግማ አድሳ፣ አሁንም የምታየው የድሮውን ነው። ኮዷን መርምራ መርምራ ደከመች። ጥፋቱ ግን ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ፋይሉን «ሴንድፋይል» በሚባለው አቋራጭ መላኩ ነበር፤ በቨርቹዋልቦክስ የተጋራ ፎልደር ላይ ይህ አቋራጭ ያረጀ ይዘት ያመጣል። አቋራጩን ስታጠፋው ገጹ ተስተካከለ። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሲኖሩ ደግሞ እያንዳንዱ ጥያቄ ድንበር እየተሻገረ ስለሚመለስ ሥራው ይንቀረፈፋል።

ስለዚህ ልማዴን ለወጥኩ። ማሽኑ የሚሠራበት ኮድ በማሽኑ ዲስክ ላይ ይኖራል። እንግዳው እንዲያነብልኝ ብቻ የምፈልገውን ሳጋራ «ሪድ ኦንሊ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አደርግባታለሁ፤ ያን ማታ ይህችን አንዲት ሳጥን ነክቼ ቢሆን ፋይሎቼ አይነኩም ነበር። አንድ ሁለት ፋይል ብቻ ለማሻገር ከሆነ ፎልደር አላጋራም። የዋናውን ኮምፒውተር ፖርት 2222 ወደ እንግዳው ፖርት 22 አዞርና በኤስሲፒ እልካለሁ። ዕቃው ይሻገራል፣ የተከፈተ በር ግን አይቀርም።

ከጠፉት ፋይሎች ከፊሎቹን አንድ አሮጌ ፍላሽ ላይ አገኘኋቸው፤ የቀሩትን እንደገና ጻፍኩ። አሁን የማጋራት ፎልደር አንድ ብቻ ነው፤ ስሙንም «ደጃፍ» ብዬዋለሁ። ዕቃ ይደርስበታል፣ ይነሳበታል፣ አያድርበትም። ማታ ላፕቶፑን ከመዝጋቴ በፊት ከፍቼ አየዋለሁ፤ ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ የፈለገውን ቢሳሳት እንቅልፌን አይነካም።