ለጃዝ ጊታር በመጠነኛ ዋጋ ሀምበከር ስለ መምረጥ

ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው አሰላ ለሚኖር ጊታር ተጫዋች ፒክአፕ መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰሙ መግዛት ማለት ነው። ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ፣ ጊታሩ ላይ ተበይዶ ካልተሞከረ ድምፁ በትክክል አይታወቅም፤ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑና በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲሰላ ዋጋው ስለ ናረ፣ የመጀመሪያው ሳይስማማ ቢቀር ሌላ መግዛት ለብዙ ሙዚቀኛ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ምርጫው ሊመሠረት የሚገባው በስም ዝና ላይ ሳይሆን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊነበቡ በሚችሉ ጥቂት ባሕርያት ላይ ነው።

የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ያስገባበትና በ1959 የጸደቀለት ሀምበከር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የአንደኛው የሽቦ አቅጣጫና የማግኔት ዋልታ ከሌላው ጋር ተቃራኒ በመሆኑ፣ ከአካባቢው የሚገባው የኤሌክትሪክ እምምታ (ከመብራት ኃይል የሚመጣ ጉምጉምታ) እርስ በርሱ ሲጠፋፋ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን፣ በጄኔሬተር በሚሠራ አዳራሽ ውስጥ ይህ ጠባይ ትልቅ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ሀምበከር የሚያጠፋው በማግኔታዊ መስክ የሚገባውን እምምታ ብቻ ነው። እጅ ክሩን ሲነካ የሚቀንስ ጫጫታ የሚመጣው ከጊታሩ ውስጣዊ መከለያ ወይም ከምድር ሽቦው ጉድለት ስለ ሆነ፣ በፒክአፕ ለውጥ አይድንም፤ ይህን አስቀድሞ ሳይመረምሩ አዲስ ፒክአፕ መግዛት ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

ጃዝ የሚጫወት ጊታር ወፍራምና ጥቁር ድምፅ ያስፈልገዋል የሚለው እምነት ብዙ ገዢዎችን ወደ ተሳሳተ ምርጫ ይመራል። እምነቱ የመጣው የጃዝ ጊታር ተጫዋቾቹ ዌስ ሞንትጎመሪና ጂም ሆል ባዶ ሆድ ባላቸው የጊብሰን ጊታሮች ከተዉት ድምፅ ነው። ነገር ግን ሙላቱ አስታጥቄ መልክ በሰጠው የኢትዮ ጃዝ አካሄድም ሆነ ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ፣ ግሩም መዝሙርም በአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ባሳዩት የጊታር አጨዋወት፣ ዜማው የሚቆመው በቅኝቱ ድምፆች መለያየት ላይ ነው። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤት ድምፆች ስላሉ፣ እነርሱ አብረው ሲመቱ ወይም አንዱ ወደ ሌላው ሲንሸራተት፣ ከፍተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ፒክአፕ ሁለቱን ወደ አንድ ብዥታ ይለውጣቸዋል። ጥቁረት ሲፈለግ በቶን መቆጣጠሪያው ይገኛል፤ ፒክአፑ ያላስተላለፈውን ጥራት ግን አምፕሊፋየር መልሶ ሊፈጥረው አይችልም።

ሻጮች በብዛት የሚጽፉት ቁጥር ተቃውሞን የሚለካው ኪሎ ኦም ነው፤ ይህ ግን ሽቦው ምን ያህል ረዥምና ቀጭን እንደ ሆነ እንጂ ድምፁን አይናገርም፤ ቀጭን በሆነው ቁጥር 43 ሽቦ የተጠቀለለ ፒክአፕ በቁጥር 42 ከተጠቀለለው ጋር እኩል ዙር ቢኖረውም የበለጠ ኪሎ ኦም ያሳያል። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ በአዳማ ከሰዓት በ30 ዲግሪ 8.0 ኪሎ ኦም የሚያነብ ጥቅል በአሰላ ጠዋት በ15 ዲግሪ 7.5 ያህል ሊያነብ ይችላል፤ ጊታሩ ግን አልተለወጠም። ይልቅ የሚጠቅመው በሄንሪ የሚለካው ኢንዳክታንስ ነው፤ እርሱ ከኬብሉ ካፓሲታንስ ጋር ተባብሮ ድምፁ የሚጎላበትንና ከዚያ በላይ የሚወድቅበትን ነጥብ ይወስናል። 4 ሄንሪ ያለውና የራሱ ካፓሲታንስ 100 ፒኮፋራድ የሆነ ሀምበከር፣ በሜትር 100 ፒኮፋራድ በሚይዝ የ3 ሜትር ኬብል ነጥቡ 4,000 ሄርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በ6 ሜትር ኬብል ወደ 3,000 ይወርዳል። በብዙ ዙር የተጠቀለለና 8 ሄንሪ የሚደርስ ፒክአፕ ደግሞ በአጭሩ ኬብልም ቢሆን ከ3,000 በታች ይወርዳል። ሻጭ ሄንሪውን ካልጻፈ፣ በቁጥር 42 ሽቦ የተሠራና ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም ያለው የአንገት ፒክአፕ (ከጊታሩ አንገት አጠገብ የሚቀመጠው) ተገቢ ግምት ነው።

ማግኔትን በተመለከተ አልኒኮ፣ ማለትም የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ፣ ቁጥር 2ና ቁጥር 5 በብዛት ይገኛሉ። ቁጥር 2 ደካማ መስክ ስላለው ለስለስ ያለ አጀማመር ይሰጣል፤ ቁጥር 5 ደግሞ የወፍራሞቹን ክሮች ድምፅ ጠበቅ ያደርጋል። የጊብሰኑ 57 ክላሲክ በመጀመሪያው፣ የሲሞር ደንከን 59 በሁለተኛው ይሠራሉ፤ በመጠነኛ ዋጋ ከሚገኙት መካከል የኮሪያው አርቴክ በአልኒኮ የተሠሩ አሉት። ባዶ ሆድ ላለው ጊታር ግን ከማግኔቱ ቁጥር ይልቅ ጥቅሉ በሰም የተነከረ መሆኑ ይበልጣል፤ ያልተነከረ ጥቅል ከፍ ባለ ድምፅ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ የጩኸት ምንጭ ይሆናል። ፒክአፑ ሽፋን ካለውም ከኒኬል ሲልቨር የተሠራው ይመረጣል፤ ናስ ከፍተኛውን ድምፅ ይበልጥ ያደነዝዛል።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ የአንገቱን ብቻ መለወጥ በቂ ነው፤ የጃዝ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው እርሱን ነውና። ከማዘዝ በፊት ከመጀመሪያው ክር እስከ ስድስተኛው ያለው የምሰሶዎች (ከየክሩ ሥር ያሉት የፒክአፑ ብረቶች) ርቀት ይለካ፤ አንገት ላይ 50 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። የቆዩት የድምፅና የቶን መቆጣጠሪያዎች 250 ኪሎ ኦም ከሆኑ በ500 መተካት ራሱ ድምፁን ይከፍተዋል፤ ከዚህ በኋላ አዲስ ፒክአፕ ሳያስፈልግ የሚቀርበት ጊዜም አለ። አሮጌው ፒክአፕ አይጣል፤ ሽቦዎቹ ሲፈቱ ቀለማቸው ይመዝገብ።

የመጨረሻው ማስተካከያ ምንም አያስወጣም። በክረምት የአርሲ አየር እርጥበት ሲጨምር የጊታሩ ሆድ ትንሽ ስለሚነሣ ክሮቹ ከፒክአፑ ይርቃሉ፤ በበጋ ደግሞ ይቀርባሉ። ክሮቹ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ከምሰሶዎቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እንዲርቁ፣ ወፍራሞቹ ከቀጭኖቹ ትንሽ ራቅ ብለው፣ በየወቅቱ መቀየሪያ ላይ የፒክአፑ ከፍታ በካቻቢቴ ይስተካከል።