ከመግለጫው የጎደለው አንጥረኛ፦ በሐረር ሸሪፍ ሙዚየም የብር ጌጦች ፊት

በሐረር ጀጎል የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የአንድ ሰው ልፋት ፍሬ ነው። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግላቸው ተነሳስተው የእጅ ጽሑፉን፣ ሳንቲሙን፣ የጦር መሣሪያውንና የሴቶችን ጌጥ ባያሰባስቡ ኖሮ፣ ዛሬ ከምናያቸው ብሮች ብዙዎቹ ቀልጠው ሌላ ነገር በሆኑ ነበር። ይህን የምለው ለምስጋና ብቻ አይደለም። የብር ጌጥ ዕጣው መቅለጥ ነው። ሴት ድሪዋን፣ አምባሯንና አልቦዋን ያጠለቀችው ለውበትም፣ ለክፉ ቀን ጥሪትም ነበር፤ ሲቸግር በሚዛን ይሸጣል፣ ልጅ ሲዳር ቀልጦ በአዲስ መልክ ይሠራል። ስለዚህ የአንድ ጌጥ ብር ከአሁኑ ቅርጹ እጅግ ሊቀድም ይችላል፤ ያን ቅርጽ ከመያዙ በፊት ሌላ ሕይወት ኖሯል።

ያም ሕይወት በአብዛኛው የጠገራ ብር ሕይወት ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፣ ምስሏን የያዘው ይህ ገንዘብ ያንኑ ዓመት እንደተሸከመ መመታቱን ቀጠለ። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የቡናና የቆዳ ዋጋ ሆኖ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ወደ መሃል አገር ገባ። ተቀባዩም የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁዎች ሳይመረምር አይቀበልም ነበር። ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት ብር እንኳ በክብደትና በጥራት ከጠገራው ጋር ተቀራርቦ ነው የወጣው። ለአንጥረኛ ይህ ትልቅ ጸጋ ነበር፤ ጥራቱ የታወቀ ጥሬ ዕቃ በየገበያው ያገኛልና። አንዳንዴም ሳያቀልጠው ማንጠልጠያ በይዶለት በሴቷ ደረት ላይ ይውላል።

የብር ስብስቦቻችን ሲገለጹ ግን ብዙውን ጊዜ የምናነበው የብሔር ስም ነው፦ የሐረሪ፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባ፣ የአማራ። እንዲህ ያለው ምደባ የለባሿን ማንነት ይነግረናል እንጂ የሠሪውን አይነግረንም። በአክሱም ሙስሊም አንጥረኞች ለክርስቲያን ደንበኞች መስቀል ይሠሩ እንደነበር ተጠንቷል፤ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ቤተ እስራኤል በብረትና በብር ሥራቸው ይታወቁ ነበር። የክርስቲያኑን መስቀልና የሙስሊሟን ክታብ መያዣ በአንድ ወናፍና በአንድ መዶሻ የሠራ እጅ፣ በብሔር ስም በተከፋፈለ ሣጥን ውስጥ ቦታ የለውም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ማኅበረሰቡ በእጁ ሥራ እያጌጠ አንጥረኛውን ዝቅ አድርጎ ያይ ነበር፤ ሙዚየምም ስሙን ሳይጠይቅ ሲያልፍ ያን ንቀት ያስቀጥለዋል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። እያንዳንዱ ጌጥ ይመዘን፤ የተበየደበትና የተጠገነበት ቦታ፣ በአንገትና በእግር ተፈትጎ የሳሳው ጎን ይመዝገብ፤ ጌጡን ከሰጠው ቤተሰብ የሠሪው ስምና ሰፈር ይጠየቅ። ጌጡን ሳይነካ የብሩንና የመዳቡን መጠን የሚለካ የኤክስሬይ መሣሪያም አለ። ከ1000 እጁ 833 አካባቢ የተገኘ ብር የጠገራ ዘር የመሆኑ ግምት ይጠነክራል፤ የምኒልክ ብር 835 ስለሆነ ግን ሁለቱን በዚህ ልኬት ብቻ መለየት ያዳግታል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገን የአንጥረኛው ልጆችና የልጅ ልጆች ትውስታ ነው፤ እሱም በቶሎ ካልተቀዳ ያልፋል።