«የዓለማት ጦርነት»፦ የአንድ የሬዲዮ ድራማ ጥንካሬና ድካም በጤና ባለሙያ ዓይን

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 እሑድ ምሽት፣ የአሜሪካው ሲ.ቢ.ኤስ. ሬዲዮ «የዓለማት ጦርነት» የተሰኘ የአንድ ሰዓት ድራማ አስተላለፈ። መነሻው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ ያሳተመው ሳይንሳዊ ልቦለድ ሲሆን፣ ለሬዲዮ የጻፈው ሃዋርድ ኮች፣ ያዘጋጀውና በዋና ተዋናይነት የተጫወተው ደግሞ በወቅቱ የ23 ዓመት ወጣት የነበረው ኦርሰን ዌልስ ነው። ታሪኩ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ስለ መውረራቸው ይተርካል። ወራሪዎቹን በመጨረሻ የሚፈጃቸው መድፍ ሳይሆን ባክቴሪያ በመሆኑ፣ ሥራው በሕክምና ባለሙያ ዓይንም ሊመዘን ይገባዋል። ድራማው በቅጂ ተጠብቆ ስለሚገኝ ዛሬም ማድመጥ ይቻላል።

የሥራው ትልቁ ጥንካሬ ሬዲዮ ምን ማድረግ እንደሚችል በሚገባ ማወቁ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የዳንስ ሙዚቃ ይሰማል፤ ሙዚቃው በአጫጭር ዜናዎች በተደጋጋሚ ይቋረጣል። ከዚያም አንድ ዘጋቢ በኒው ጀርሲ ግዛት ግሮቨርስ ሚል በምትባል ሥፍራ ቆሞ የሚያየውን ሲናገር ድምፁ በድንገት ይጠፋል፤ ጥቂት ሰከንዶች ፍጹም ጸጥታ ይሆናል። ያ ጸጥታ ከማንኛውም የፍንዳታ ድምፅ ይበልጥ ያስፈራል፤ አድማጩ ያላየውን በራሱ ሐሳብ እንዲሥለው ያስገድደዋልና።

ድካሙም አያንስም። የወራሪዎቹ መምጣት፣ የሠራዊቱ መሸነፍና የኒው ዮርክ መውደቅ በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይጠናቀቃሉ። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በአመዛኙ የአንድ ፕሮፌሰር ረጅም ትረካ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ክፍል የገነባው ውጥረት ይላላል።

ከሙያችን አንጻር ግን ዋናው ድካም በመደምደሚያው ላይ ይገኛል። የወራሪዎቹ በባክቴሪያ ማለቅ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይነገረናል እንጂ ሕመሙ ሲጀምርና ሲባባስ አንሰማም። የመከላከል አቅም የሌለው ሕዝብ ለአዲስ በሽታ ሲጋለጥ ክፉኛ እንደሚጠቃ እውነት ነው፤ ከአውሮፓ የመጣው ፈንጣጣ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ ያደረሰው እልቂት ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ያ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ነው። ብዙዎቹ በሽታ አምጪ ተሐዋስያን ከሚያጠቁት አካል ጋር የተጣጣሙ ናቸው፤ የከብት ደስታ በሽታ መንጋውን ሲፈጅ ከመንጋው ጋር የሚኖረውን እረኛ አልያዘም። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር በምድር ባክቴሪያ በቀላሉ ይታመማል የሚለው ሐሳብ ስለዚህ ለልቦለድ ይመቻል እንጂ በሳይንስ አጠያያቂ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የአድማጭ አመኔታ ነው። ድራማው ልቦለድ መሆኑ በመግቢያው ከተነገረ በኋላ እስከ 40ኛው ደቂቃ ገደማ አልተደገመም፤ ዘግይቶ ጣቢያውን የከፈተ አድማጭ የሚሰማው የዜና አንባቢና የባለሥልጣን ድምፅ ነበር። ጋዜጦች በማግስቱ አገር አቀፍ ሽብር እንደ ተነሣ ጻፉ። የኋላ ተመራማሪዎች ዘገባው እጅግ የተጋነነ መሆኑን ቢያሳዩም፣ የደነገጡ ሰዎች መኖራቸው አልተካደም። እ.ኤ.አ. በ1949 በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ ተመሳሳይ ድራማ ሲተላለፍ ግን ውጤቱ የከፋ ነበር፤ መታለሉን የተረዳው ሕዝብ የጣቢያውን ሕንፃ አቃጠለ፣ ሰዎችም ሞቱ።

ሬዲዮን ለጤና ትምህርት የምንጠቀም ባለሙያዎች ይህን ልብ ልንል ይገባል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች.አይ.ቪ. ያስተማረው ድራማ መሆኑን ሳይደብቅ ነው። ከኦርሰን ዌልስ ሥራ የድምፁን ጥበብ፣ በተለይም የጸጥታውን አጠቃቀም፣ መማር ይበጀናል። የዜናንና የባለሥልጣንን ድምፅ መዋሱን ግን ልንተወው ይገባል፤ ዛሬ በሐሰተኛ የወረርሽኝ ዜና የተታለለ አድማጭ ነገ እውነተኛው ወረርሽኝ ሲነገረው ላያምን ይችላልና።