ስለ «ጦቢያ» ያለን አስተያየት

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው በልጅቱ ስም ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያከብረዋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እኛ ካፉሪ ሳለን፣ ዓርብ ዓርብ ከሰው ቤት ሥራ ስናርፍ፣ አንድ የተቀደደ ቅጂ እየተቀባበልን አንብበነዋል። በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲነሣ ቅጂው እዚያው ቀረ፤ የምንጽፈው ከትዝታችን ነው።

የታሪኩ አጥንት ተረት ነው። የጦር አዛዥ ተሸንፎ ይማረካል፤ አንድ ነጋዴ ገዝቶ በነፃ ይለቀዋል። ልጁ ዋሕድ ውለታውን ሊመልስ ሲወጣ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋራ ፍለጋ ትወጣለች፤ ከንጉሥ ቤትም አንዲት ልጃገረድ ወንድ መስላት ትወድዳታለች። ሼክስፒርም ከ400 ዓመት በፊት በ«ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» መንትዮቹንና የወንዱን ልብስ ከቀደመ የኢጣልያ ታሪክ ወስዶ ሠርቶበታል። ስለዚህ አፈወርቅን «ተረት ነው የጻፈው» ማለት ነቀፋ አይሆንም። ተረቱን ምን አደረገው? ነው ጥያቄው።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ሥራው ነጋዴው ነው። መልአክ አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ዋሕድን ለባርነት የዳረገው ደግሞ የፈንጋዮቹ ክፋት ብቻ ሳይሆን ብድር የመመለስ ሐሳቡ ነው። ለደላላና ለመንገድ የተበደረ ሰው ይህን ሲያነብ ዝም ይላል። ከእኛም መካከል እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፎ የወጣ ነበር።

የጦቢያ ነገር አከራከረን። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ፀጉሯን ተላጭታ የወንድሟን ሱሪ ታጥቃ የመጣች እኅታችን፣ «እኔ ለሽንት እንኳ ጨለማ እጠብቅ ነበር፤ እሷን የሚያስጨንቃት መልኳ ብቻ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ደራሲው ለውበቷ ቃል አያልቅበትም፤ ፍርሃቷን ግን በችኮላ ያልፈዋል። ሴትነቷ ከታወቀ በኋላ ታሪኩ ወደ ሠርግ ይሮጣል፤ ንጉሡ ያገባታል፣ አገሩም ክርስቲያን ይሆናል። አንድ አባት «ተረት እንዲህ ካላለቀ ማን ዳቦ ይሰጣል?» አሉና ሣቅን። ቢሆንም ኃይል ሁሉ በእጁ ያለ ንጉሥ መጠጊያ የሌላትን ልጅ ሲያገባ፣ እሺታዋ እንዲህ በቀላሉ መታለፉን አልወደድነውም።

አማርኛው ግን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይጣፍጣል። ቅጂ ያለው አንባቢ ለክበቡ ቢያውስ በእጃችን ገልብጠን እንመልሳለን።