ጠይም አፈር እንዴት ይመዘናል?

በግንቦት፣ ማሳው ታርሶ ዝናብ ሲጠብቅ፣ በኮን ዙሪያ ያለው የዋድላ ደጋ ቀለሙን ይገልጣል። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ተዳፋቱ ጠይም፣ የገደሉ አፋፍ ደግሞ የነጣ ጭንጫ። ወላጃቸው አንድ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ። ያለያያቸው በዋናነት የውሃው አካሄድ ነው።

መሬት የሚመርጥ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ጥቁሩ ላይ ነው። የዋልካ ጥቁረት ግን ሁልጊዜ የብስባሽ ብዛት አይደለም፤ ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ብዙ ያጠቁራል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ውሃ ይቋጥራል። ገበሬው ምስርና ሽምብራን ክረምቱ ሲያባራ የሚዘራው ለዚህ ነው።

የጠይሙ ቀለም ከብረት ይመጣል። ድንጋዩ ሲፈራርስ በውስጡ ያለው ብረት አየር አግኝቶ ይዝጋል። ዝገቱ እርጥበት ሲበዛ ወደ ቡናማና ቢጫ፣ ሲሞቅና ሲደርቅ ወደ ቀይ ያደላል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ዓለት መቅላቱም ከዚሁ ብረት ነው። ስለዚህ ጠይምነት የሚመሰክረው ውሃው እንደሚያልፍ፣ ሥሩም እንደሚተነፍስ ነው። ሁለት ስንዝር ቆፍረው ግራጫ ነጠብጣብ ካገኙ ግን ከሥር ውሃ ይተኛል፤ ላዩ አያታልልዎ።

ሲመዝኑ ደረቅ ጓል ላይ አይፍረዱ፤ ሁሉም ደረቅ አፈር ይነጣል። ጓሉን ሰብረው ውሃ ያንጠባጥቡበትና ፀሐይ ላይ ይዩት። ባለሙያዎች አሜሪካዊው ሠዓሊ አልበርት መንሴል በ1905 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቀለም አሰያየም ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ ይዘው ያስተያያሉ። መጽሐፉ የሌለው ሰው ሁለት ጓል ይበቃዋል፦ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ የጥዱ ቅጠል ከሚረግፍበት ጠርዝ፤ ሌላው በዚያው ተዳፋት ካለ ማሳ። የጥዱ አፈር ጠቆር ብሎ እንደ ቆሎ ይፈረፈራል። የማሳው ምን ያህል እንደነጣ ያስተያዩ፤ ያ ልዩነት እርሻና ጎርፍ የወሰዱት ነው።

ቀጥሎ እርከኑን ይዩ። ከእርከኑ በላይ ያለው ጠቁሮ ከበታቹ ያለው ከነጣ፣ እርከኑ አፈር ይዟል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም፣ የነጣው ጎን ፍግ ይፈልጋል።

የገበሬውን ሙያ ለመመዘን ጓሮው ላይ አይቁሙ። አመድና ፍግ ከደጅ ስለሚደፋ የማንም ጓሮ ይጠቁራል። ዛፍ በሳሳበት ደጋ ኩበት ማገዶ ነው፤ ማሳ የሚደርሰው ከምድጃ የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤቱ እጅግ ወደራቀው ማሳ ይሂዱና ጓል ያንሱ። እዚያም አፈሩ ጠቆር ብሎ ከተፈረፈረ፣ አንድ ሰው ከምድጃው ቀንሶ፣ ቅርጫት ተሸክሞ፣ ዓመት ከዓመት ተመላልሷል።